ያበጠ ጡቷን ያላሳየችበት የለም፤ ታዲያ ማን ነው ያዘገየው?

ጽጌ ዘኮዬ · ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 3፡10

እንዴት አመሻችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ክረምት እኛ ብሎክ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጡታቸው ላይ እጢ ወጣባቸው። አንደኛዋ ባንክ ነው የምትሠራው፤ መሥሪያ ቤቷ የሕክምና ወጪ ይሸፍንላታል። ለባሏ በነገረች በሳምንቱ ቦሌ አካባቢ ያለ የግል ሆስፒታል ሄዳ አልትራሳውንድ ተነሥታ፣ ናሙና ሰጥታ፣ ውጤቷን ተቀብላ መጣች። ካንሰር አልነበረም። እሰየው፣ ቡና አፍልተን ደስ አለን።

ሁለተኛዋ ምድር ላይ የምትኖረው፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍለው ጎረቤታችን ናት። እትዬ ነው የምላት፤ ስሟ ይቆየን። እጢውን ያገኘችው ከባንኳ ሠራተኛ ቀድማ ነበር። ልጇን ጡት ካስጣለች ብዙም ስላልቆየች ጤና ጣቢያ «ወተት ቋጥሮ ነው» ብለው አንቲባዮቲክ ሰጧት። ጨርሳ ተመለሰች፤ አልጎደለም። ሪፈር ተጻፈላት። የተላከችበት ሆስፒታል ለአልትራሳውንድ ቀጠሮ ሰጣት፤ ቀኑ ሲደርስ ማሽኑ ተበላሽቷል ተባለች። «ውጭ አሠርተሽ ነይ።» ዕቁቡ እስኪደርሳት ጠብቃ ውጭ አሠራች። ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ ያየቻት ሐኪም የለችም፤ አዲሱ ሐኪም ሁሉንም ከሀ ጀምሮ ጠየቃት። ከዚያ ደግሞ የናሙና ቀጠሮ።

የናሙናው ቀን አብሬያት ነበርኩ። የተወሰደላትን ሥጋ ፎርማሊን ባለበት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከትተው፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልለው፣ ስሟን በእስክሪብቶ ጽፈው ለራሷ ሰጧት። እዚያ ፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና የሚመረመርበት ክፍል) ስለሌለ ውጭ ላብራቶሪ ወስዳ ታስመረምር ማለት ነው። ጠርሙሱን በፌስታል፣ ፌስታሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ረዳቱ «ዕቃውን ከወንበር ሥር አድርጊው፣ እናት» አላት። «ይሄ ከወንበር ሥር አይደረግም» አለችው።

ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነው። በዚህ ሁሉ መሀል የጡቷ ቆዳ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ ብብቷ ሥር ሌላ እጢ ወጥቶ ነበር። ደረጃ 3 አሏት።

አሁን የሚያንገበግበኝ ሊጠይቋት የሚመጡት ሁሉ «ምነው ቀደም ብለሽ ብትታዪ?» ማለታቸው ነው። ቴሌቪዥኑም ጥቅምት በመጣ ቁጥር ሮዝ ሪባን ለጥፎ «ቀድመው ይመርመሩ» ይላል። እሷ እኮ ያላሳየችበት የለም! የጤና ባለሙያዎች ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ መንገዱ የቱ ጋ ነው የሚቆረጠው? እኛ ከተማ ዳር ያለነው ምን ብናደርግ ነው የሚያጥረው?

ጡረተኛው መምህር · ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 3፡52

ልጄ ጽጌ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ጎረቤትሽ ላይ የደረሰው ያሳዝናል። ነገር ግን ሁሉን ነገር ሆስፒታል ላይ መጫን አይሆንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች። እኔ ሱሉልታ ነው የምኖረው። የወንድሜ ሚስት ዓመት ሙሉ ደብቃው ኖረች። ፌጦ ስትለጥፍ፣ በሙቅ ውኃ ስትተኩስ፣ ቆስሎ ሽታው ቤት አላስቀምጥ ሲል ነው የተናገረችው። ባሏ እንኳን አያውቅም ነበር። አልተረፈችም። ማን ከለከላት? ጤና ጣቢያው ከቤቷ ፊት ለፊት ነው። ትምህርት ያስፈልጋል፣ ትምህርት።

ጽጌ ዘኮዬ · ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 4፡05

ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። የሚደብቁም እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ የጠየቅሁት ስላልደበቀችው ነው።

ሲስተር ነኝ · ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 4፡40

ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ በሰበታ መስመር። ጋሼም ልክ ናቸው፣ ጽጌም ልክ ናት፤ ሁለቱንም ዓይነት ሴት በየሳምንቱ አያለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። የሚደብቁት ሁሉ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። አንዷን «ምነው እስካሁን?» ብላት «ካንሰር ነው ብትይኝስ በምን ልታከመው ነው?» አለችኝ። የሚከፈልበት ነገር እንደሌላት የምታውቅ ሴት ስሙን ለመስማት አትቸኩልም። ቤቷ ተሽጦ፣ ልጆቿ ተርበው እሷ እንድትታከም አትፈልግም። ይሄን ትምህርት አይፈታውም።

ወደ ጽጌ ጥያቄ ልምጣ። እኛ ጋ ጡትን በእጅ መዳሰስ እንጂ ሌላ ምርመራ የለም። አልትራሳውንድ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለነፍሰ ጡር ነው የሚውለው። በቀን የምናየው ሰው ብዛት ከአቅም በላይ ነው፤ መጋረጃ የሌለው ክፍል ውስጥ ሴትን «ልብስሽን አውልቂ» ማለት ራሱ ፈተና ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሳይዳሰስ መድኃኒት መጻፍ ነው። የምታጠባ ወይም ገና ያስጣለች ከሆነች ደግሞ ወተት ነው ማለት ይቀናል። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ወተት ወይም ኢንፌክሽን ነው፤ ችግሩ አንዳንዴ አለመሆኑ ነው። አንቲባዮቲክ ጨርሳ ካልጎደለ ሌላ አንቲባዮቲክ አይሰጥም፤ ሪፈር ነው የሚጻፈው። ሁለተኛ ዙር ሊሰጧችሁ ካሉ «ሪፈር ጻፉልኝ» በሉ። ማንም አይከለክላችሁም።

እጢው አያምም ብላችሁ አትተዉት፤ የጡት ካንሰር እጢ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የወር አበባ መጥቶ ሄዶ ያልጠፋ እጢ፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ ደም መሳይ ነገር መውጣት፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ የብብት እጢ፤ ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም።

ቨርጂኒያ 22 · ጥቅምት 15፣ ከሌሊቱ 7፡20

ሰላም የሀገሬ ልጆች። አሜሪካ ነው ያለሁት። እዚህ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነሺ ይሉሻል። ያበጠ ነገር ሳይኖር ነው የሚያነሱሽ። መፍትሔው ግልጽ ይመስለኛል፤ ለምን ገንዘብ አሰባስበን አንድ ማሞግራም ማሽን ለኮዬና ለቱሉ ዲምቱ አንገዛም? እኛ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ስንት ሰው አለ። በየዓመቱ ለሮዝ ሪባን ሩጫ የምናዋጣውን እንኳ ብናውለው።

ሬዚደንት በቀዶ ሕክምና · ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 1፡15

ከአዳር ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅርታ።

የቨርጂኒያዋ እህቴ፣ ስላሰብሽልን እግዜር ይስጥልኝ፤ ማሽኑ ግን አይቅደም። የእኛ ታማሚዎች ብዙዎቹ ከ50 ዓመት በታች ናቸው፣ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ያሉት ብዙ ናቸው። በዚያ ዕድሜ የጡት ሥጋ ጥቅጥቅ ያለ ስለሚሆን ማሞግራም ብዙ ይስታል፤ አልትራሳውንድ ይሻላል፣ ዋጋውም ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አቅማቸው ውስን ለሆኑ አገሮች የሚመክረው ምልክት የታየባትን ሴት ቶሎ መርምሮ ቶሎ ማከምን ነው፤ ጤነኛውን ሁሉ በማሞግራም መፈተሽ ጠንካራ የጤና ሥርዓት ላለው ነው። ማሽኑ ኮዬ ቢቆም እንኳ ፊልሙን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት፣ የተጠረጠረውን ናሙና የሚወስድ፣ ናሙናውን የሚያይ ፓቶሎጂስት፣ ያኔ የሚያክም ሁሉ ያስፈልጋል። እትዬ ማሞግራም አላጣችም፤ የጎደለባት ከእጢው በኋላ ያለው መንገድ ነው።

ስለ መንገዱ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። እዚሁ አዲስ አበባ ባሉ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ሲሶ ያህሉ ምልክቱን ካዩ በኋላ ከ3 ወር በላይ ቤታቸው ቆይተዋል፤ የጋሼ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ሐኪም ዘንድ ከቀረቡ በኋላ ደግሞ ከግማሽ የሚበልጡት ምርመራቸው ተጠናቆ «ይህ ነው» እስኪባሉ ከ30 ቀን በላይ ፈጅቶባቸዋል። ይህ የጽጌ ክርክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ ያስቀመጠው ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ነው። ከ100 ታማሚዎች ቢያንስ 60ው ገና በደረጃ 1ና 2 ሳሉ እንዲገኙ፣ 80ው ሕክምናቸውን እንዲጨርሱም ይላል።

ዓለም አቀፉ ልዩነት ደግሞ እንዲህ ነው። በጣም ባደጉት አገሮች በሕይወት ዘመኗ ከ12 ሴቶች አንዷ በጡት ካንሰር ትያዛለች፣ የምትሞተው ግን ከ71 አንዷ ናት። ዝቅተኛ ልማት ባላቸው አገሮች የሚታወቅባት ከ27 አንዷ ብቻ ስትሆን የምትሞተው ከ48 አንዷ ነው። ያነሰ ተይዞ የበለጠ መሞት ማለት ነው።

አሁን ስለ ጠርሙሱ። ጽጌ የጻፍሽውን ሳነብ ደነገጥኩ፣ በየቀኑ የማየው ቢሆንም። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ከዚያ ካለፈ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው (ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን የሚያሳየው) ሊዛባ ይችላል። ያ ምርመራ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በእኛ አገር ከተመረመሩት ታማሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሆርሞን ተቀባይ ያላቸው ናቸው፣ ለእነሱ ታሞክሲፈን የሚባል ርካሽ እንክብል ለዓመታት መውሰድ ዕድሜ ይጨምራል። ገንዘብ የሌላት ሴት የላብራቶሪውን ክፍያ እስክታገኝ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ታቆየዋለች። ማንም አልነገራትም። በኋላ ውጤቱ «ተቀባይ የለውም» ብሎ ቢመጣ እውነቱ ይሁን መዘግየቱ ማን ያውቃል? ስለዚህ ናሙና ከመሰጠቱ በፊት የላብራቶሪውን ገንዘብ አዘጋጁ፤ ካልተዘጋጀ ቀኑን አስለውጡ።

ሌላው፣ ቀጭኑ መርፌ «ካንሰር ነው» ሊል ይችላል፣ ዓይነቱን ግን ብዙ ጊዜ አይነግርም። ከዚያ በወፍራሙ መርፌ እንደገና ናሙና ይወሰዳል፤ እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ገንዘብ። መጀመሪያውኑ «በወፍራሙ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መርፌ ሲነካው ይሰራጫል የሚባለውን ደግሞ ተዉት። ብዙ ሴት ከናሙና ቀጠሮ የምትጠፋው በዚህ ወሬ ነው።

ቨርጂኒያ 22 · ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 2፡30

ዶክተር፣ ገብቶኛል። ግን እዚህም ሁሉም እኩል እንዳይመስላችሁ። ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙት ከነጮች ትንሽ ያነሰ ሆኖ የሚሞቱት ግን ወደ 40 በመቶ በሚበልጥ መጠን ነው። መድህን ለሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሴቶች ምርመራ በነፃ የሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ አለ፤ እኔም አገሩን ሳልለምድ የተመረመርኩት በዚያ ነው። እሺ ማሽኑ ይቅር። የላብራቶሪ ክፍያ መሸፈንስ? ስንት ይሆናል?

ቦሌ ለሚ ስፌት · ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 6፡45

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነኝ። ጤና ጣቢያ የሚከፈተው እኛ መስመር ላይ በምንቀመጥበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ከቀረሁ የዚያ ቀን ደመወዝ ብቻ አይደለም የሚቆረጠው፣ ያለመቅረት ጉርሻውም ይሄዳል። ጓደኛዬ እጢ አላት። ሱፐርቫይዘሯ ወንድ ነው። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ሲላት «ራሴን» አለችው። ራስ ምታት ፓናዶል ነው የሚሰጠው። ምን ታድርግ?

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ · ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 7፡10

እህቴ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጣታል። የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ድረስ ትወስዳለች፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። የሕክምና ማስረጃ ማምጣት አለባት። ማስረጃውን ለሱፐርቫይዘሩ ሳይሆን ለሰው ኃይል ክፍሉ ትስጥ።

በነገራችን ላይ የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ልጅ ተወልዶ ሃይስኩል ገብቷል፣ ሥራ ላይ ሲውል ግን አላየንም። ተቀጣሪው በዚያ ይታቀፋል ተብሎ ነው ማኅበረሰብ አቀፉ መድህን ለገበሬውና በግሉ ለሚሠራው የተተወው። የፋብሪካ ልጆች ከሁለቱም ውጭ ናቸው። ዝም ብዬ ነው፣ ንዴቴን ለመተንፈስ።

የተፈጥሮ መድኃኒት ቤት · ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 8፡00

[ይህ መልእክት በአወያዩ ተነሥቷል። ያለ ቀዶ ሕክምና በ21 ቀን እናድናለን የሚሉ ማስታወቂያዎች እዚህ አይለጠፉም። ሁለተኛ ከተለጠፈ አካውንቱ ይዘጋል። — አወያይ]

ቡራዩ ኬላ · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 1፡35

ስለ መድህኑ ከተነሣ እኔም ላክልበት። የእናቴ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ደብተር የቡራዩ ነው። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት አስተዳደሩ ተለወጠ፤ የእኛ መንገድ ግን ያው ወደ አስኮ ነው። ከቤታችን በእግር የሚደረሰው ጤና ጣቢያ አዲስ አበባ ነው፤ ደብተሩ እዚያ አይሠራም። መጀመሪያ ውል ወዳለው ጤና ጣቢያ ወደ ኋላ በባጃጅ ሄደሽ፣ ሪፈር አጽፈሽ፣ ማህተም አስመትተሽ፣ ከዚያ ውል ወዳለው ሆስፒታል። አንዴ ማህተም የሚመታው ሰው ስብሰባ ሄዷል ተብለን ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ ዋልን። ያለ ማህተም ሄደን ከፍለን እንታይ ብንል ደግሞ በኋላ የከፈልነው አይመለስልንም።

ማዶ ያሉት ዘመዶቻችን የአዲስ አበባ መታወቂያ ስላላቸው በአንድ ታክሲ ይደርሳሉ። መሀላችን ያለው አስፋልት ብቻ ነው። ብታምኑም ባታምኑም እናቴ «የእህቴን መታወቂያ ልዋስ እንዴ?» እስከማለት ደርሳለች።

ሲስተር ነኝ · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 2፡20

ቡራዩ ኬላ፣ የሰው መታወቂያ አትዋሱ። የፓቶሎጂ ውጤት በሌላ ሰው ስም ከወጣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚሰጣት ሐኪም ያንን ወረቀት አይቀበልም፤ ናሙናው ከሀ ይጀመራል። ደብተሩ በየዓመቱ የሚታደስበትን ወር አትለፉ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው ካልታደሰ ደብተር ጋር ሪፈር ይዞ ሲሄድ ነው። የድሃ ድሃ ተብለው የተመዘገቡት መዋጮአቸውን መንግሥት ስለሚሸፍን፣ አቅም የሌለው ጎረቤት ካላችሁ ምዝገባ ሲመጣ ስሙን አስይዙለት።

የስፌቷ ልጅ፣ ጓደኛሽን ወደ ማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ክፍል ይዘሻት ሂጂ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ነው የምንሠራው፣ እዚያ ክፍል መጋረጃም አልጋም አለ፣ ባለሙያዋም ሴት ናት። ጡቷንም እንድታይላት ንገሪያት። እኔ በግሌ ለማህፀን በር የመጣችውን ሁሉ ጡቷን ሳልዳስስ አልሸኝም፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ኃላፊዎቼ ይሄን የሁሉም ጤና ጣቢያ ሥራ ቢያደርጉት ደስ ይለኝ ነበር።

ሬዚደንት በቀዶ ሕክምና · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 3፡05

ሲስተር የምትሠሪው ነገር ማስረጃ ያለው ነው። ሕንድ፣ ሙምባይ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ የድሃ ሰፈር ሴቶችን ለሁለት ከፍለው፣ የአንዱን ወገን ጡት በየሁለት ዓመቱ አራት ጊዜ በሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች እጅ እያስዳሰሱ፣ ሁሉንም 20 ዓመት ተከታተሏቸው። እጢው ቀደም ብሎ መገኘት ጀመረ፣ ከ50 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ሞት 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ በታች ባሉት ላይ ግን ሞት መቀነሱ አልታየም፤ የእኛዎቹ ወጣት ስለሆኑ ይሄን አልደብቅም።

በተቃራኒው ሻንጋይ ከ266 ሺህ ገደማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ግማሾቹን ራሳቸውን እንዲፈትሹ ያስተማሩበት ትልቅ ሙከራ ነበር። ሞት አልቀነሰም። ሮዝ ሪባኑን የምጠረጥረው በዚህ ነው፤ ሴትየዋን «ፈትሺ» ብሎ ከዚያ በኋላ ያለውን በር ዘግቶ መተው ምንም አይጠቅማትም። ጡታችሁን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ለውጥ ስታዩ የሚቀበላችሁ ካለ።

ዲያቆን ነኝ · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 3፡40

ስለ ጸበል ማንም አላነሣም፣ ግን ሊነሣ ነው ብዬ ቀድሜ ልናገር። እኛ ጋ እንጦጦ የሚመጡ ብዙ ሴቶች ከሆስፒታል ቀጠሮ ጠብቀው ጠብቀው የመጡ ናቸው። «የቀጠሮዬ ቀን እስኪደርስ ልጠመቅ» ትላለች። አንዳንዷ ግን በዚያው ትቀራለች፣ ቀጠሮው ያልፋል። እኔ የማገኛትን ሁሉ ቀጠሮሽ መቼ ነው እላታለሁ። ተጠመቂ፣ ቀጠሮሽንም አክብሪ። ከልካይ የለም።

ጡረተኛው መምህር · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 4፡15

ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን።

ልጆቼ፣ ከትናንት ጀምሮ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ያቺ «በምን ልታከመው ነው» ያለችው ሴት አላስተኛችኝም። የወንድሜ ሚስት ጉሊት ነበር የምትቸረችረው፤ ወንድሜም ዘበኛ ነው። አሁን ሳስበው ብትናገርስ ኖሮ ምን ሊያደርግላት ነበር?

አንድ ሐሳብ አለኝ። የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ሰው ሲሞት ድንኳን፣ ወንበር፣ ንፍሮ፣ ለሟች ቤተሰብ ገንዘብ እንሰጣለን። ካዝናችን ውስጥ ገንዘብ አለ። በሕይወት እያለች ለአልትራሳውንድና ለናሙና የሚሆናትን እንስጥ ብል አባላቱ «መተዳደሪያ ደንባችን ለቀብር ነው» ይላሉ። ግን ደንብ ይሻሻላል። ሲስተር፣ ለአንዲት ሴት ከጤና ጣቢያ እስከ ፓቶሎጂ ውጤት ድረስ ምን ምን ይከፈላል? ዝርዝሩን ብትሰጭኝ እሑድ ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ።

ታክሲ ነጂ ቃሊቲ · ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 12፡50

የሚስቴን ኬሞ የምወስዳት እኔ ነኝ፣ በየሦስት ሳምንቱ። ጋሼ፣ ዝርዝሩ ላይ ትራንስፖርት አይርሱ። ከቱሉ ዲምቱ ለጠዋት ወረፋ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ነው የሚወጣው፣ ያን ሰዓት ሚኒባስ የለም፤ ላዳ ወይ ኮንትራት ነው። ታማሚ ከአስታማሚ ጋር ሁለት ሰው ነው። ምሳ አለ። ኬሞ ወስዳ ስትመለስ ደግሞ ተጨናንቃ መጓዝ አትችልም፣ ታስመልሳለች።

እኔ መኪና ስላለኝ ነው ያላቋረጠችው። እዚያ ወረፋ ላይ የተዋወቅናቸው ሁለት ሴቶች ከሩቅ ነበር የሚመጡት፣ በኋላ አላየናቸውም።

ሲስተር ነኝ · ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 1፡30

ጋሼ፣ ዕድርዎ ይሄን ካደረገ ሌላው ዕድር ይከተላል። ዋጋው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የብር መጠን አልጽፍም፤ እርስዎ አካባቢ ካለው ላብራቶሪ ዛሬውኑ በስልክ ይጠይቁ። የሚጠየቀው ይሄ ነው፦ ጤና ጣቢያ የካርድ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ካልተሠራ የጡትና የብብት አልትራሳውንድ ውጭ የሚያስወጣው፤ በወፍራም መርፌ ናሙና መውሰጃው፤ የፓቶሎጂ ንባብ፤ ውጤቱ ካንሰር ከሆነ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው (ይሄ ብቻውን ከቀሩት ይወደዳል፣ ለዚህ ለብቻው ያስቡበት)፤ የሁለት ሰው ትራንስፖርት። መድህን ያላት ከሆነች ከዚህ ውስጥ ሆስፒታሉ ውስጥ የሚሠራው ይሸፈንላታል፤ «ውጭ አሠሪ» የተባለችው ነው የሚያስቸግራት።

የእጢው አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ይሄንንም ለአባላቱ ይንገሩልኝ። የምትከፍሉላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ «ደህና ነሽ» ተብላ ነው የምትመለሰው። ያኔ ገንዘባችን ባከነ እንዳይሉ።

ቨርጂኒያ 22 · ጥቅምት 16፣ ከቀኑ 9፡10

ጋሼ፣ እኛ የሆርሞን ምርመራውን ድርሻ እንሸፍን። ገንዘቡ በማን በኩል ይላክ? ለግለሰብ አልልክም፣ ይቅርታ፤ ብዙ ተጭበርብረናል። ዕድሩ የባንክ ሒሳብ አለው?

ጡረተኛው መምህር · ጥቅምት 16፣ ከቀኑ 10፡00

አለው፣ ሦስት ሰው ፈርሞ ነው የሚወጣው። ቃለ ጉባኤው ከጸደቀ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ሳንቲም አልቀበልም።

ጽጌ ዘኮዬ · ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 2፡45

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ ሁለተኛ ዙር ኬሞዋን ወስዳለች፤ እጢው ቀነስ ብሏል፣ ሲያልቅ ኦፕራሲዮን ነው። እንጀራውን እኔና የላይኛዋ ጎረቤቴ እየተፈራረቅን እየጋገርንላት ነው፣ ሱቆቹ እንዳይተዋት።

ዶክተር፣ ስለ ጠርሙሱ ያልከኝን ነገርኳት። ናሙናዋን የሰጠነው በዚያው ቀን ነበር፣ ውጤቷም ሆርሞን ተቀባይ አለው ይላል። ታሞክሲፈኑን ሐኪሟ ከኬሞው በኋላ ነው ብሏታል።

የስፌቷ ልጅ፣ ጓደኛሽ ሄደች?

ቦሌ ለሚ ስፌት · ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡20

የፊታችን ሐሙስ የማታ ፈረቃ ስለሆነች ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ። ሲስተር፣ የማህፀን በር ምርመራው ክፍል ሐሙስ ይሠራል? አንዳንድ ቦታ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ሲሉ ሰማሁ።

ሲስተር ነኝ · ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 3፡32

እኛ ጋ ሐሙስ አለ። እናንተ ጋ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ካርድ ክፍል ጠይቁ፤ ጠዋት ከ2፡30 በፊት ድረሱ፣ መታወቂያዋን ትያዝ። ጓደኛሽ የወር አበባ ላይ ከሆነች ማህፀን በሩ ለሌላ ቀን ይቆያል፣ ጡቷን ግን ያዩላታል። በዚህ ምክንያት አትመልሷት።